ጠፍቶ ስለ ቀረ ሰው፤ ቤተ ሰቡና ሕጉ

ሰው ሲሞት በአገራችን ቀኑ ይቈጠራል። ሠልስቱም፥ ዐርባውም፥ ሙት ዓመቱም ከአንድ ከታወቀ ቀን ይነሣሉ። ዕድር ድንኳን የሚተክለውም ሞት ሲነገረው ነው። እንግዲህ ከቤቱ ወጥቶ የቀረ፥ መሞቱም መኖሩም ያልታወቀ ሰው ቤተ ሰብ ቈጠራውን ከየት ይጀምር? ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። የልደታን ሠፈር የመረጥነውም የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አንዱ ምድብ በዚያ ስለሚያስችልና የሠፈሩም ታሪክ ለነገሩ ስለሚስማማ ነው።

ደራሲው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለው መጽሐፉ በ1975 ዓ. ም. ታትሞ ከገበያ ከተሰበሰበ በኋላ ከሥራው ተሰናበተ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ. ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም። ስለዚህ በየዓመቱ የሚታሰበው የጠፋበት ቀን ነው፤ የመውጫው ቀን በሞት ቀን ፈንታ ቆመ ማለት ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ግን ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ. ም. ተይዘው ከተወሰዱ በኋላ ዐፅማቸው በ1984 ዓ. ም. ተገኝቶ በሥርዓት ተቀበረ። ዐሥራ ሦስት ዓመት የዘገየ ቀብር፥ ቀብር ነው፤ ቤተ ሰቡ የሚቆምበት መቃብር አገኘ።

አሜሪካዊቱ ምሁር ፓውሊን ቦስ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተ ሰቦች አጥንታ እንዲህ ያለውን ኀዘን የተለየ ስም ሰጥታዋለች፤ እኛ «ያልለየለት ኀዘን» ብንለው ይስማማል። ችግሩ ከቤተ ሰቡ ልብ ድካም የመጣ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ ስላልለየለት ነው። ተዝካር ይውጣ የሚል ወንድም «ገደልከው» ይባላል፤ አይውጣ የምትል እናት ደግሞ «አልቀበል አለች» ትባላለች። ሁለቱም ግን የያዙት ማስረጃ አንድ ነው።

ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፥ ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤትን ሊጠይቅ ይችላል ይላል። ውሳኔው ሲጸና ንብረቱ ወደ ወራሾች ይተላለፋል፤ ጋብቻውም ይፈርሳል። ከባዱ እዚህ ላይ ነው። ልጆቿን ለማሳደግ የባሏን ገንዘብ ከባንክ ማውጣት የምትፈልግ ሚስት፥ በዚያው ማመልከቻ ትዳሯን በገዛ እጇ እንዲፈርስ ትጠይቃለች። ብዙዎች ዓመታት ሙሉ ወደ ችሎቱ ሳይሄዱ መቅረታቸው ካለማወቅ ብቻ ነው ብለን አናምንም። በእኛ አስተያየት፥ ሕግ አውጪው ንብረቱንና ጋብቻውን ለያይቶ ቢያያቸው ኖሮ ይሻል ነበር።

ጠፊው ቢመለስ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ መልሶ ይረከባል። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል በልደታ የተለየ ትርጉም አለው። ከ2000 ዓ. ም. ወዲህ የቀድሞዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው ብዙው ቦታ ኮንዶሚኒየም ሆኖአል። ሌላው ነዋሪ ካሣውንና አዲሱን አድራሻ ያስባል፤ ሰው የጠፋበት ቤተ ሰብ ግን ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው፥ የሄደው ሰው የሚያውቀው በር ያ አሮጌው በር መሆኑን ነው።