በሕክምና ወቅት የጨቅላ ሕፃናትን ሕመምና ጭንቀት ያለ መድኃኒት ማስታገስ
በቆቦና በራያ ቆላ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች

መግቢያ

ከቆቦ ከተማ ወጣ ካለ ቀበሌ አንዲት አራስ የሦስት ቀን ልጇን ታቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ሕፃኑ መጥባት ቀንሷል፣ ሰውነቱም ይተኩሳል። ባለሙያው ተረከዙን ወግቶ የደም ስኳሩን ይለካል፤ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ጭኑ ላይ ይወጋዋል፤ ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ የደም ሥር ፍለጋው ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቲቱ ብዙውን ጊዜ «አንቺ ውጪ ቆዪ፣ አንጀትሽ አይችልም» ትባላለች። ቃሉ ከርኅራኄ የመነጨ ነው። ሆኖም ሕፃኑን ከሁሉ የተሻለ የሕመም ማስታገሻ የሚያሳጣው ይኸው ርኅራኄ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአነስተኛ የሕክምና ሥራዎች ወቅት ጨቅላ ሕፃናት የሚደርስባቸውን ሕመም ያለ መድኃኒት እንዴት መቀነስ እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

ጨቅላ ሕፃን ሕመም ይሰማዋልን?

እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የጨቅላ ሕፃን ነርቭ ገና ስላልበሰለ ሕመም አይሰማውም የሚል እምነት በሕክምናው ዓለም ተስፋፍቶ ነበር። ባደጉት አገሮች ሳይቀር ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. ዶክተር ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቻቸው ያሳተሟቸው ጥናቶች ይህን እምነት ናዱት። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በቀዶ ሕክምና ወቅት በቂ ማስታገሻ ሲያገኙ የሰውነታቸው የጭንቀት ምላሽ እንደሚቀንስና ከሕክምናው በኋላም የሚገጥማቸው ችግር አነስተኛ እንደሚሆን አሳዩ።

እንዲያውም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሕመም ይበልጥ ይሰማዋል። የሕመምን መልእክት ወደ አንጎል የሚወስዱት ነርቮች ሥራቸውን የሚጀምሩት መልእክቱን የሚገታው ሥርዓት ሳይጠናከር ነውና። በሕመም ጊዜ የልብ ምት ይጨምራል፤ የደም ግፊትና በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላሉ፤ በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ይወርዳል። ክብደቱ ላነሰ ሕፃን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሕመሙ በዕለቱ ብቻ አያበቃም። በካናዳ ተደርጎ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንዶች ልጆች ከ4 እስከ 6 ወር ሲሆናቸው ክትባት በተሰጣቸው ጊዜ ካልተገረዙት ይልቅ ብርቱ የሕመም ምላሽ ማሳየታቸውን ገልጿል። በፓሪስ አካባቢ በ430 ጨቅላ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናትም አንድ ሕፃን በቀን በአማካይ 10 ያህል የሚያሳምሙ ሥራዎች እንደሚከናወኑበትና አብዛኞቹም ያለ ማስታገሻ እንደሚፈጸሙ አስታውቋል።

ሕመምን ማወቅ

ሕፃን ስለማይናገር ሕመሙን የሚነግረን በገጽታው ነው። ቅንድቡ ይሸበሸባል፤ ዓይኑ ይጨፈናል፤ ከአፍንጫው ወደ አፉ የሚወርደው መስመር ይጎላል። ኒፕስ በመባል የሚታወቀው መለኪያ ፊትን፣ ለቅሶን፣ አተነፋፈስን፣ ክንድን፣ እግርንና የንቃት ሁኔታን በማየት ከ0 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ3 በላይ የሆነ ነጥብ ሕመም መኖሩን ያመለክታል። በጣም የደከመ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ለማልቀስ አቅም ሊያጣ እንደሚችል ሊዘነጋ አይገባም። ዝም ማለቱ አለመታመሙን አያሳይም።

ምን ይደረግ?

1. ጡት ማጥባት። መጥባት ለሚችል ሕፃን ቀዳሚው ዘዴ ይህ ነው። ከመወጋቱ ጥቂት ደቂቃዎች ቀድሞ ጡቱን በሚገባ እንዲይዝ ማድረግ፣ እየጠባ ሳለ ሥራውን መፈጸም፣ ከዚያም ማስቀጠል ይገባል። ታልቦ በአፍ የሚሰጥ የእናት ወተትም ይረዳል፤ ነገር ግን የመጥባትን ያህል አይሆንም።

2. ገላ ለገላ ማቀፍ። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ የለበሰውን ሕፃን ሥራው ከመጀመሩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በፊት በእናቱ ደረት ላይ ማድረግ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በቦስተን በ30 ጤነኛ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ተረከዛቸው ሲወጋ በእናታቸው ገላ ላይ የነበሩት ለቅሷቸው በ82 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። እናት ካልቻለች አባት ወይም አያት ሊተኩ ይችላሉ።

3. እጅና እግርን ሰብስቦ መያዝ። አንድ ረዳት በሞቀ እጁ የሕፃኑን ጭንቅላት ደግፎ እጆቹንና እግሮቹን ወደ አካሉ መካከል ሰብስቦ በእርጋታ ይይዛል። በኢንኩቤተር ውስጥ ላለና ከእናቱ ሊለይ ግድ ለሆነበት ሕፃን ተስማሚ ነው።

4. የአሠራር ጥንቃቄ። አስፈላጊ ያልሆነ ናሙና አለመውሰድ፣ የሚወሰዱትን በአንድ መርፌ ማጠቃለል፣ ድምፅና ብርሃንን መቀነስ፣ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልተሳካለት ባለሙያ ሌላ ሰው መጥራት። በሠለጠነ እጅ ከደም ሥር ደም መውሰድ ተረከዝን ከመውጋት ያነሰ ሕመም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀውም የጡንቻ ክትባት ሲሰጥ ሲሪንጁን ወደ ኋላ ስቦ ደም መኖሩን ማየት አያስፈልግም፤ ሕፃኑም በታቀፈበት ሊከተብ ይገባል።

የአካባቢያችን ሁኔታ

በራያ ቆላ ሦስት ነገሮች የተለየ ትኩረት ይሻሉ።

አንደኛው ሙቀት ነው። ገላ ለገላ ታቅፎ በጋቢ የተደራረበ ሕፃን በቆቦ ቀትር ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ሙቀቱም እንደ ኢንፌክሽን ትኩሳት ተቆጥሮ ለሌላ መርፌ ሊዳርገው ይችላል። በደጋ ጋቢ የሚያስፈልግ ከሆነ በቆላ ስስ ነጠላ ይበቃል። የሕፃኑ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን እየለኩ ማረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛው የስኳር ጉዳይ ነው። ጥቂት ጠብታ ጣፋጭ ፈሳሽ ከመርፌ 2 ደቂቃ ቀድሞ በምላስ ላይ ቢደረግ ሕመምን እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። ነገር ግን በአገራችን ለአራስ ልጅ ቅቤ የማስዋጥና የስኳር ውኃ የማቅመስ ልማድ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ምንም አይሰጥ» ብላ ያስተማረቻት እናት ባለሙያው ስኳር በጥብጦ ሲሰጥ ብታይ የትኛውን ታምናለች? ስለዚህ ጡት ባለበት ጡት ይቅደም። ጣፋጩ ፈሳሽ ግድ ሲሆን በጤና ተቋም ውስጥ በንጽሕና የተዘጋጀ፣ መጠኑ የታወቀና እንደ መድኃኒት በካርድ ላይ የሚመዘገብ ይሁን፤ ለእናቲቱም ምክንያቱ ይነገራት።

ሦስተኛው የአቅርቦት እጥረት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋልም። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ይቆማል፤ የእናት ደረት ግን አይቆምም። የካንጋሮ እናት እንክብካቤ ራሱ በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረው በኢንኩቤተር እጥረት ምክንያት ነው። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ያካሄዱትና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ዘዴው ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትን ሕይወት ለማዳን እንደሚረዳ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. እንክብካቤው ከወሊድ በኋላ ወዲያውኑ ተጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጥ መክሯል።

የዘዴዎቹ ገደብ

እነዚህ ዘዴዎች ለመርፌ፣ ለደም ናሙናና ለመሳሰሉት አነስተኛ ሥራዎች የሚበቁ ናቸው። ለቀዶ ሕክምና ወይም በደረት ውስጥ ቱቦ ለማስገባት የማደንዘዣና የማስታገሻ መድኃኒትን አይተኩም። ጽኑ የታመመ ሕፃን ደግሞ አተነፋፈሱና የቆዳው ቀለም በቅርብ እየታየ መታቀፍ አለበት። ሕይወት አድን የሆነ ሥራም ማስታገሻ እስኪመቻች ተብሎ አይዘገይም።

ማጠቃለያ

የራያ እናት ልጇ ሲያለቅስ አቅፋ፣ ጡት አጉርሳ፣ እሹሩሩ ብላ ማባበልን ከእኛ አልተማረችም። ከእኛ የሚጠበቀው ይህን ዕውቀቷን ከበር ውጭ አለማስቀረት ነው። መርፌ ከመያዛችን በፊት ለእናቲቱ ወንበር እናቅርብላት፤ ምን እንደምንሠራ እንንገራት፤ ልጇን ታቅፋው እንሥራ። ይህ ከጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት በቀር ምንም ወጪ የለውም። ልጇ በእቅፏ ሆኖ ሲታከም ያየች እናትም ለቀጣዩ ክትባት ለመመለስ ይበልጥ ልቧ ይቀናል።