ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

ንፋስ መውጫ ስሟን ከጠባይዋ ያገኘች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። በዚህ ደጋ አንድ ሰው «ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ ያተኩሰኛል» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ከተለመደ ቃል በስተጀርባ ጉንፋን ብቻ ሳይሆን የሳንባ ምች፣ ተስቦ፣ ማጅራት ገትር፣ ወባ ወይም ካላዛር ተሰውሮ ሊገኝ ይችላል።

ቀላሉን ከከባዱ የመለየቱ ሥራ በገጠሩ አገራችን በአብዛኛው የወደቀው በጤና መኮንኑና በነርሱ ላይ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረውም ሐኪም ላልደረሰበት ሕዝብ እንዲደርሱለት ነበር።

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እዚያው ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የደረሰው ነገር ያስረዳል። በዚያ የተነሣው ትኩሳት መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግን በሽታው የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም ከ2,000 የሚበልጡ ሕሙማን ተገኙ። በሽታውን ወደ ወረዳው ያመጡት ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ይታመናል። ካላዛር ካልታከመ ብዙውን ጊዜ ይገድላል፤ በጊዜው ከተደረሰበት ግን ይድናል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ከመሣሪያ ሁሉ አስቀድሞ ጥያቄ እንደሚያስፈልግ ነው። «ሰሞኑን የት ከርመው መጡ?» የሚለው ቃል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ከቆላ የተመለሰውን ሠራተኛ ከጉንፋን በሽተኛ ይለያል። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሰውነቱ ከከሳና ከግራ ጎኑ በታች ጣፊያው ካበጠ፣ የወባ ኪኒን ሰጥቶ ከማሰናበት ይልቅ የካላዛር ምርመራ እንዲደረግለት ማድረግ ተገቢ ነው።

በሕፃናትም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ፣ እናቲቱ ለነገ ሳትል ወደ ጤና ጣቢያ ልትወስደው ይገባል። ሳል ይዞት ዕድሜው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሆነ ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያም በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ይህን ለመቁጠር ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃል።

ስለ ባለሙያው ይህን ያህል ካልን፣ የበሽተኛውም ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የት እንደ ከረመ፣ ምን መድኃኒት እንደ ዋጠ፣ ስንት ቀን እንደ ተኛ ሳያፍር መናገር አለበት። ሕሙማን የተሰለፉበት የጤና መኮንንም ጥያቄውን ከማሳጠር ይልቅ አንዲት ደቂቃ ቢጨምር፣ ያቺ ደቂቃ ከሁመራ የተመለሰውን አባወራ ለልጆቹ ልታተርፈው ትችላለች።