ሳይቃጠል በቅጠል፦ የፋብሪካ ትርፍ የሚፈስበት ቀዳዳ

ፋብሪካ ለመትከል የሚነሳ ባለሀብት በአብዛኛው የሚያሰላው የመሬቱን ሊዝ፣ የማሽኑን ዋጋና የባንኩን ወለድ ነው። ማሽኑ የሚቆምባቸው ሰዓታት ከሒሳቡ አይገቡም። ትርፉ ሲመነምን ግን ጥፋቱ በገበያውና በግብሩ ይሳበባል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በቀን 16 ሰዓት እንዲሠራ የታቀደ የፕላስቲክ ማምረቻ በብልሽት 4 ሰዓት ቢቆም የሠራው የጊዜውን 75 በመቶ ነው። በቀረው ሰዓት «እንዳይሰበር» ተብሎ በ80 በመቶ ፍጥነት ቢነዳ፣ ከምርቱም 5 በመቶው ውዳቂ ቢሆን፣ ሦስቱ ሲባዙ ውጤቱ 57 በመቶ ይሆናል። በጃፓን ፋብሪካዎች የተስፋፋው ይህ ስሌት እንደ ጥሩ ግብ የሚወስደው 85 በመቶ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ ምርት አልደርስ አለኝ ብሎ በብድር ሁለተኛ ማሽን ቢገዛ፣ የመጀመሪያውን ከግማሽ ብዙም ሳያልፍ እየተጠቀመበት ወለድ መክፈል ጀመረ ማለት ነው።

የመለዋወጫ ዋጋም ችላ የሚባል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣው ኩሽኔታ በዶላር ያው ቢሆንም በብር የሚጠይቀው ሌላ ሆነ።

ኩሽኔታ ደግሞ እንዲሁ አይሰበርም። በባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ጫና በእጥፍ ቢጨምር ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሞተር ጥቅልል ሙቀትም ከተሠራለት መጠን 10 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር የመከላከያ ሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ማራገቢያውን የደፈነ አቧራ ለዚህ ይበቃል። አቧራ መጥረግና ቺንጋ ማስተካከል ዶላር አይጠይቁም።

ይሁንና በየጊዜው ዕቃ መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች ኖውላንና ሂፕ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት የአውሮፕላን ዕቃዎች ከዕድሜ ጋር እየደከሙ የመጡት 11 በመቶው ብቻ ነበሩ። 68 በመቶው ይበልጥ የተበላሹት አዲስ በተገጠሙ ሰሞን ነው። ስለዚህ ደህና የሚሠራውን ፈትቶ ከመቀየር ይልቅ ድምፁን፣ ሙቀቱንና ንዝረቱን እየተከታተሉ መመዝገብ ያዋጣል።

ጉዳዩ ከነጋዴውም የራቀ አይደለም። ወንጂና መተሐራን የመሰሉ የስኳር ፋብሪካዎች አገዳ መፍጨት አቁመው ዋናውን ጥገና የሚያካሂዱት በክረምት ነው። ጥገናው ከተጓተተ መፍጨቱም ይዘገያል፤ ወቅቱ ከገባ በኋላ ወፍጮው ቢቆም ደግሞ ተቆርጦ ያደረው አገዳ ስኳሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ስኳር የሚጠብቅ አከፋፋይ መስከረም ላይ የጥገናውን ወሬ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ያገለገለ ፋብሪካ የሚገዛም ሆነ የሚያሻሽጥ ደላላ ከካርታውና ከሊብሬው ጋር የጥገና መዝገቡን ይጠይቅ። ማሽኑ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ቆመ? በምን ምክንያት? የትኛው ዕቃ አገር ውስጥ ቶርኖ ቤት ይሠራል፣ የትኛውስ ከውጭ ይታዘዛል? መዝገቡን ማሳየት ያልቻለ ሻጭ ከጠራው ዋጋ ላይ ሊቀነስበት ይገባል።