የግል ትምህርት ቤት ሠራተኞች ቅነሳና የሥራ ስንብት ክፍያ

መግቢያ

ስለ መምህራን ሲጻፍ በአብዛኛው የሚወሳው ሥልጠናቸው፣ ምደባቸውና የማስተማር ብቃታቸው ነው። መምህሩ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ወይም የጥበቃ ሠራተኛው ከሥራ በሚሰናበትበት ጊዜ ምን መብት እንዳለው ግን የሚጠየቀው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ማስረጃው ተበትኖ፣ የአቤቱታው ጊዜም አልፎ ሊገኝ ይችላል።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኞች በፌዴራሉ ወይም በየክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሲተዳደሩ፣ የግል ትምህርት ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው። በ1968 ዓ.ም. የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ተዛውረው እንደነበር ይታወሳል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የግል ትምህርት ቤቶች እንደገና በመስፋፋታቸው ግን በዚህ ሕግ ሥር የሚያድሩት መምህራን ቁጥር ከፍ ብሏል። ሕጉም በአዋጅ ቁጥር 64/1968፣ በ42/1985 እና በ377/1996 አልፎ አሁን በሥራ ላይ ወዳለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደርሷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚሁ አዋጅ ስለ ሠራተኛ ቅነሳና ስለ ሥራ ስንብት ክፍያ የተደነገገው በትምህርት ቤት እንዴት እንደሚሠራ ማብራራት ነው።

1. ቅነሳ የሚባለው የትኛው ነው?

አንድ ትምህርት ቤት ሠራተኛን ያለ ጥፋቱ በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችለው ሥራው ራሱ ሲቋረጥ ወይም ሲቀንስ ነው። ከሕጉ ምክንያቶች መካከል ሠራተኛው የሚሠራው ሥራ በከፊል ወይም በሙሉ በቀጥታና ለዘለቄታው መቆሙ፣ የአገልግሎቱ ፈላጊ ማነሱ፣ እንዲሁም የአሠራር ለውጥ ወይም አዲስ ዘዴ መግባቱ ይገኙባቸዋል። ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ የመጀመሪያው አንድ የትምህርት እርከን መዘጋቱን፣ ሁለተኛው የተመዝጋቢ ተማሪዎች ቁጥር ማሽቆልቆሉን፣ ሦስተኛው የአደረጃጀት ለውጥን ሊመስሉ ይችላሉ።

ሆኖም ማንኛውም ስንብት «ቅነሳ» አይባልም። አዋጁ ቅነሳ የሚለው በእነዚህ ምክንያቶች ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆኑት፣ የሠራተኞቹ ቁጥር ከ20 እስከ 50 በሆነበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሠራተኞች፣ ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሲሰናበቱ ነው። ስለዚህ 120 ሠራተኞች ባሉት ትምህርት ቤት መለኪያው 12 ሠራተኛ ሲሆን፣ 40 ሠራተኞች ባሉት ግን 5 ነው። የሠራተኛው ቁጥር የሚወሰደው ከቅነሳው በፊት ባሉት 12 ወራት በነበረው አማካይ ነው። ይህ መለኪያ ቀላል መስሎ መታየት የለበትም፤ ከዚህ በታች የሚገለጹት የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የቅደም ተከተል ደንብና ተጨማሪ ክፍያ ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸውና።

2. ማን ይቆያል? ማን ይቀነሳል?

ምርጫው ለአሠሪው ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ተመካክሮ የተሻለ የሥራ ችሎታና ውጤት ያላቸውን ያስቀራል። ችሎታና ውጤት እኩል ሲሆን በቅድሚያ የሚቀነሱት በድርጅቱ ውስጥ አጭር አገልግሎት ያላቸው፣ ቀጥሎም ጥቂት ጥገኞች ያሏቸው ናቸው። የአካል ጉዳተኞች፣ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኞች ተወካዮች፣ ነፍሰ ጡሮችና ከወለዱ 4 ወር ያልሞላቸው እናቶች ወደ መጨረሻው ተራ ይሸጋገራሉ።

እዚህ ላይ ለርእሳነ መምህራን የሚከብደው «ውጤት» የሚለው ቃል ነው። የአንድ መምህር ውጤት በተማሪዎች የፈተና ነጥብ ብቻ ይለካ ቢባል፣ ደካማ ክፍል የተመደበለት መምህር ያለ አግባብ ይጎዳል። በየመንፈቀ ዓመቱ በጽሑፍ የተደረገና መምህሩ አይቶ የፈረመበት የሥራ አፈጻጸም ግምገማ በፋይሉ ውስጥ ካለ ግን ምርጫው መሠረት ይኖረዋል። ግምገማው ቅነሳው ከታሰበ በኋላ የተዘጋጀ እንደሆነ ማሳመኑ አስቸጋሪ ይሆናል።

3. ክፍያው እንዴት ይሰላል?

የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የ2 ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ማስጠንቀቂያው ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽ ይኖርበታል። በእነዚህ ወራት ሠራተኛው ሥራውን እየሠራ ደመወዙን ያገኛል፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጠው ከተሰናበተ ግን የዚያን ጊዜ ደመወዝ በገንዘብ ይከፈለዋል።

የሥራ ስንብት ክፍያው ከዚህ የተለየ ነው። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል። አገልግሎቱ ከአንድ ዓመት ካነሰ በዚያው መጠን ተመጣጥኖ ይሰላል። ከአንድ ዓመት በላይ ላገለገለ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ውሉ የተቋረጠው በቅነሳ ወይም ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ከሆነ፣ በዚህ ላይ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይጨመራል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የሒሳብ መምህርት በወር 9,000 ብር እየተከፈላት 7 ዓመት ካገለገለች በኋላ በቅነሳ ተሰናበተች እንበል። ወሩ በ30 ቀን ቢሰላ የቀን ደመወዟ 300 ብር ይሆናል። ለመጀመሪያው ዓመት 9,000 ብር፣ ለቀሩት 6 ዓመታት በየዓመቱ 3,000 ብር፣ በድምሩ 18,000 ብር ይደርሳታል። የ60 ቀኑ ጭማሪም 18,000 ብር ነው። ጠቅላላው 45,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጣት ቀርቶ ከሆነ የ2 ወሩ 18,000 ብር ለብቻው ይታሰባል። የማስጠንቀቂያው 2 ወርና የጭማሪው 60 ቀን በመጠን ስለሚመሳሰሉ አንዱን ከፍሎ ሌላውን እንደ ተከፈለ መቁጠር ይከሰታል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ መብቶች ናቸው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ተለውጦ ይከፈላል።

4. የ10 ወር ውል ጥያቄ

ከላይ የተመለከተው ስሌት በሙሉ የተመሠረተው በአገልግሎት ዘመን ላይ ነው። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ መምህሩን በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ሰኔ በሚቆይ ውል እየቀጠሩ፣ በክረምቱ ውሉ አብቅቷል ይላሉ። ይህ አባባል ተቀባይነት ካገኘ፣ ለ7 ዓመት ያስተማረችው መምህርት ሰባት አጫጭር ውሎች እንጂ የ7 ዓመት አገልግሎት አይኖራትም። ውሏ በሰኔ በጊዜው አብቅቷል ከተባለ ደግሞ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚጠየቅበት ምክንያት ይጠፋል። ስለሆነም በ45,000 ብርና በባዶ እጅ መካከል ያለው ልዩነት የሚወሰነው በውሉ ዓይነት ነው።

በአዋጁ መሠረት ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ ሊደረግ የሚችለው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ለጊዜው የተለየ ሠራተኛን ለመተካት ወይም ያልተለመደ የሥራ ብዛት ሲያጋጥም። በዓመቱ የተወሰነ ወቅት ብቻ የሚሠራ፣ በየዓመቱም የሚደጋገም ሥራ ከዝርዝሩ ውስጥ ስለሚገኝ፣ አሠሪዎች የትምህርት ዘመኑን ከዚህ ሊያስጠጉት ይሞክሩ ይሆናል። በሌላ በኩል ሒሳብ ማስተማር የትምህርት ቤቱ ቋሚ ሥራ መሆኑ፣ መምህሩ በክረምት ለማጠናከሪያ ትምህርት፣ ለምዝገባና ለዕቅድ ዝግጅት የሚጠራ መሆኑ ለመምህሩ ይናገራል። ስለዚህ የሚመዘነው የወረቀቱ ርእስ ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላም ነጥብ አለ። ትምህርት ቤቱ ቢሸጥ፣ ቢከፈል ወይም ከሌላ ጋር ቢዋሐድ የሥራ ውሉ በዚህ ምክንያት አይቋረጥም፤ የቀድሞው አገልግሎትም ከአዲሱ ባለቤት ጋር ይቀጥላል። ዕዳ የበዛበት ትምህርት ቤት ሲዘጋም የሠራተኞች ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው።

5. ጊዜና ማስረጃ

አሠሪው የሚገባውን ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። በመጠኑ ላይ ክርክር ቢነሣ እንኳ ያመነበትን ያህል በዚሁ ጊዜ ይከፍላል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር ያዘገየ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል።

ሠራተኛውም የጊዜ ገደብ አለበት። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ ከውሉ መቋረጥ የተነሣ ክፍያ የሚጠየቅበት ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በሰኔ መጨረሻ የተሰናበተ መምህር «ትምህርት ሲከፈት እነጋገራለሁ» ብሎ ክረምቱን ካሳለፈ፣ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚከስበት ጊዜ በመስከረም መጨረሻ ግድም ያልቅበታል። የክፍያው ጥያቄም ከታኅሣሥ አያልፍም።

በመሆኑም ሠራተኛው የቅጥር ደብዳቤውን፣ በየዓመቱ የፈረመውን ውል፣ የደመወዝና የጡረታ መዋጮ ማስረጃውን፣ በክረምት የተጠራበትንም ማስታወሻ በራሱ እጅ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ውሉ ሲቋረጥም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው። ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን ያላቸው የሥራ መሪዎች ግን ከአዋጁ ወሰን ውጭ ስለሆኑ፣ ርእሰ መምህራን የራሳቸውን ውል በተለይ ሊመረምሩ ይገባል።

ማጠቃለያ

ለዕቅድ አውጪዎች ይህ ጉዳይ የፍርድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲተገበር እንደታየው፣ የትምህርት እርከን ሲለወጥ የክፍለ ጊዜ ድልድልም አብሮ ይታያል። ለአንድ ትምህርት ከተመደበው ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለት ቢቀነስ፣ በዕቅዱ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይለወጣል፤ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን አንድ መምህር ትርፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የድልድል ለውጥ ከትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ በፊት በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ቢገለጽ፣ ትምህርት ቤቱ መምህሩን በተጨማሪ ሥልጠና ወደ ሌላ ትምህርት ለማዛወር ወይም የ2 ወሩን ማስጠንቀቂያ በአግባቡ ለመስጠት ይችላል። ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤቶችም ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተማሪዎችን መዝገብ እንደሚረከቡ ሁሉ፣ የሠራተኞቹ የአገልግሎት ዘመን በትክክል መመዝገቡንና ክፍያው መፈጸሙን ቢጠይቁ መልካም ይሆናል። የመምህሩ የአገልግሎት ዓመታት በመዝገብ ላይ በትክክል ካልሰፈሩ፣ ሕጉ የሰጠው መብት በስሌት ጊዜ ያንሳልና።