ምዕራፍ የሌለው መጽሐፍ

የቀደሙት ሊቃውንት የመጽሐፍን ክፍል «ምዕራፍ» ሲሉት ቃሉ «ዐረፈ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነውና፣ አንባቢ እዚያ ሲደርስ ዐይኑን ከብራናው አንሥቶ፣ ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ ብሎ ከልቡናው ጋር የሚመክርበት ማረፊያ ሆኖለታል። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ ስንት ዓመት የዘለቀው ክርክር፣ እኔ እንደማየው፣ ይህ ማረፊያ ከእጃችን እንዴት እንደ ወጣ የሚመረምር ክርክር ነው።

ቀድሞ የኢንተርኔት ገጽ ግርጌ ነበረው፤ ወደሚቀጥለው ለመሻገር የገጽ ቁጥር መንካት ግድ ነበርና፣ ያች ቅጽበት ብታጥርም የፈቃድ ቅጽበት ነበረች። አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ኤዛ ራስኪን እ.ኤ.አ. በ2006 አንባቢው ወደ ግርጌው ሲቃረብ ተከታዩ በራሱ እየመጣ የሚቀጠልበትን ብልሃት ሲያበጅ ድካም ለማቅለል አስቦ ነበር፤ ብልሃቱ ምን ላይ እንደ ዋለ ካየ በኋላ ግን በአደባባይ ተጸጽቷል።

ይሁን እንጂ ግርጌ ማጣት ብቻውን ሰውን አያስርም፤ የሚያስረው ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደ ሆነ አለመታወቁ ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እንዳሳየው፣ ቁልፉን በምንቃሯ እየመታች አንዳንዴ ከጥቂት፣ አንዳንዴም ከብዙ ምት በኋላ እህል የምታገኝ ርግብ ያለ ዕረፍት ትመታለች፤ እህሉ ከተቋረጠ በኋላም ቶሎ አትተውም። የማኅበራዊ ሚዲያው አልጎሪዝም ደግሞ ላይክ ባናደርግ እንኳ በየቪዲዮው ላይ የቆየንባትን ሴኮንድ ቆጥሮ ቀጣዩን ይመርጣል፤ በቆየን መጠን ማስታወቂያ ይበዛል፣ የኩባንያው ገቢም ከዚያ ነው።

ሌሊት ሕፃኗን የምታጠባ እናት ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ለማየት ስልኳን ታነሣለች፤ አንድ ኖቲፊኬሽን ትነካለች፣ የማታውቃቸው ሙሽሮች ሲጨፍሩ ታያለች፣ ከዚያ የዶሮ ወጥ አሠራር፣ ከዚያ የሩቅ አገር ጎርፍ ይመጣል፤ ሕፃኑ ጡቱን ለቆ እንቅልፍ ከወሰደው ቆይቷል፣ አውራ ጣቷ ግን መግፋቱን አላቆመም፤ ሰዓቱንም አላየችም።

ራስን መግዛት የየሰው ፈንታ ነው የሚሉ አሉ፤ ሕዋሳትን መግዛት ከጾም የተማርን ሰዎች ይህን አንንቅም። ነገር ግን ዐይኗ የት እንደሚዘገይ እየለኩ መሣሪያውን የሚስሉ መሐንዲሶች ከወዲያ ተሰልፈው ሳሉ ዕዳውን ሁሉ በዚህች እናት ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሕግ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዲህ በአልጎሪዝም እየተመረጠ የሚፈስስ ገጽ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይቀርብ ሲያዝ፣ ዕዳውን ወደ ሠሪው መልሷል።

ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2018 ተጠቃሚው የሁለት ቀን አዲስ ነገር ሁሉ አይቶ መጨረሱን የሚነግር ምልክት በገጹ ላይ አኑሮ ነበር፤ ይኸውም ምዕራፍ ነበረ። በ2020 ከዚያው ምልክት ሥር፣ ተጠቃሚው ከማይከተላቸው ሰዎች የተመረጡ ሥዕሎች መፍሰስ ጀመሩ።