የዱር እሪያ እርሻንና ግጦሽን እንዳያጠፋ ስለ ማጥመድ

ገበሬ ደክሞ ያለማውን አዝመራ ከሚያጠፉት ጠላቶች መካከል በረዶና ውርጭ ከሰማይ የሚመጡ ስለ ሆኑ የሰው ጥበብ እምብዛም አይገታቸውም። ከምድር የሚነሣውን ጠላት ግን ሰው ቢያስተውልና ቢተባበር ሊያሸንፈው ይችላል። ከነዚህም አንዱ የዱር እሪያ ነው። ስለዚህ አገር ለማስተዳደር የተሾሙ ገዥዎችና ሹማምንት፣ እንዲሁም መሬት የያዙ ሰዎች፣ በሌላ አገር ከዚህ አውሬ ጋር የተደረገውን ትግል፣ የተሳሳተውንም የተቃናውንም፣ ቢያውቁት ይጠቅማል በማለት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። ምሳሌ አድርገን የምናመጣው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትን ነው፤ የአሜሪካውም ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እሪያው ወደ ዱር እንዴት እንደ ገባ

በአሜሪካ ምድር ይህ ዓይነት እሪያ ቀድሞ አልነበረም። በ1539 ኤርናንዶ ደ ሶቶ የሚባል የእስፓኝ ጦር አዛዥ በፍሎሪዳ ሲወርድ ለሠራዊቱ ስንቅ የሚሆኑ እሪያዎች ይዞ ገባ። ከርሱም በኋላ የመጡት ሰፋሪዎች እሪያዎቻቸውን ያለ እረኛና ያለ በረት በጫካ እየለቀቁ ያረቡ ስለ ነበር፣ ከቤት የወጣው ሁሉ አልተመለሰም፤ ትውልድ ሲያልፍም አውሬ ሆነ። በ1912 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ላይ ሁፐር ቦልድ በሚባል ስፍራ ለአደን መዝናኛ ሲባል ከአውሮፓ የመጣ እውነተኛ የዱር እሪያ ታጥሮ ተቀመጠ። ቆይቶ ግን አጥሩን ጥሶ ወጣና ከቤት ካመለጠው ዘር ጋር ተዳቀለ። ዛሬ ቁጥሩ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን፣ በ35 ያህል ግዛቶችም እንደሚገኝ ይገመታል። የጥፋቱም ዋጋ በዓመት ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር እንደማያንስ የተቈጠረ ነው። ከሁሉም ይልቅ የበዛው በቴክሳስ ነው።

የጥፋቱ ዓይነት

እሪያ እንደ ከብት ከላይ ግጦ አይተውም፤ በአፍንጫው መሬቱን እያረሰ ሥሩን፣ ትሉንና ዘሩን ያወጣል። ገበሬው በቆሎ ዘርቶ በገባበት ሌሊት መንጋው የዘሩን መስመር ተከትሎ ፍሬውን አንድ ባንድ እየለቀመ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ሲታይ ማሳው እንደ ገና የታረሰ ይመስላል። ሩዝ፣ ለውዝ፣ ማሽላና ስንዴም ከርሱ አያመልጡም። ከሚበላውም ይልቅ ረግጦና ተንከባሎበት የሚያበላሸው ይበዛል። በግጦሽ መሬት ላይ የሚቈፍረው ጉድጓድ የከብት እግር ይሰብራል፤ የሣር ማጨጃውንም መኪና ይጎዳል፤ በተገለበጠውም አፈር ላይ መልካሙ ሣር ቀርቶ አረም ይበቅልበታል። እሪያ በላብ ሙቀቱን ማብረድ ስለማይችል በምንጭና በወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ እየተኛ ውሃውን ያደፈርሳል። አዲስ የተወለዱ የበግና የፍየል ግልገሎችን እስከ መብላትም ይደርሳል። ከዚህም በቀር ውርጃ የሚያመጣውን ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታና ሌሎችንም ደዌዎች ወደ ሰውና ወደ ከብት ያስተላልፋል።

አበዛዙም እጅግ ፈጣን ነው። እንስቲቱ ከ6 እስከ 8 ወር ሲሆናት ለመፅነስ ትደርሳለች፤ የምታረግዘው 115 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ትወልዳለች፤ ምግብ በተመቸበትም ዓመት ሁለት ጊዜ መውለድ ይሆንላታል። ስለዚህ የቴክሳስ ሊቃውንት ሲያስረዱ፣ ቁጥሩ እንዳይጨምርና ባለበት እንዲቆም ብቻ እንኳ በየዓመቱ ከመቶው 66 ያህሉ መወገድ አለበት ይላሉ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከወር በኋላ በመግደል ይህን ያህል ማድረስ አይቻልም።

በመልካም አሳብ ስለ ወጡ የተሳሳቱ ትእዛዞች

ለሹማምንት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው። የቴኔሲ ግዛት እሪያው በዛ ቢባል በ1999 ማንም ሰው በግዛቱ ሁሉ ያለ ቁጥር ልክ እንዲያድን ፈቀደ። ከዚያ አስቀድሞ እሪያው ጸንቶ ይኖር የነበረው ቢበዛ በ6 አውራጃዎች ነበር። ያለ ልክ በታደነበት ዘመን ግን ከ95ቱ አውራጃዎች ወደ 80 በሚጠጉት ተገኘ። ምክንያቱም ሲመረመር፣ አደኑን የወደዱ ሰዎች በየሰፈራቸው የሚያድኑት እንዲኖራቸው ሲሉ እሪያውን በሕይወት እየጫኑ ወደ ሌላ ስፍራ በስውር ይለቁት ኖሯል። ግዛቲቱም በ2011 ሕጉን ለውጣ እሪያን ለጨዋታ ማደንን አስቀረች፤ ባለመሬቱ ግን በገዛ መሬቱ ጥፋቱን እንዲከላከል ተፈቀደለት።

ሁለተኛው ምሳሌ በጆርጅያ ግዛት ፎርት ቤኒንግ በሚባለው የጦር ሰፈር ከ2007 እስከ 2008 የተደረገው ነው። በዚያም ለሚያመጣው ሰው ስለ አንድ የእሪያ ጅራት 40 ዶላር ሽልማት ይሰጥ ነበር። ከ1,000 በላይ ጅራት ቀረበ፤ ገንዘቡም ተከፈለ፤ የእሪያው ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። አዳኞቹ ለማባበያ የበተኑት እህል እሪያውን ቀለበው፤ የጠገበችውም እንስት አብዝታ ወለደች። እንግዲህ ሽልማት የጅራት ቁጥር ያበዛል እንጂ የማሳውን ጥፋት እንደማይቀንስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚህ ምክንያት የሚዙሪ ግዛት የዱር ሀብት መሥሪያ ቤት በ2016 በሚያስተዳድረው መሬት ላይ እሪያ ማደንን ከለከለ፤ ሕዝቡም እሪያ ባየ ጊዜ እንዳይተኩስ፣ ይልቁንም እንዲያስታውቅ አሳሰበ። ነገሩ ለሰሚው የእሪያውን ወገን መያዝ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። እንስቶቹና ልጆቻቸው አንድ መንጋ ሆነው ይኖራሉ፤ ያደገው ወንድ ግን ለብቻው ይዞራል። በመንጋው ላይ አንድ ጥይት ሲተኰስ አንዱ ይወድቃል፤ የቀሩት ይበተናሉ፤ ከዚያም ወዲያ ሰውንና ወጥመድን ይሸሻሉ። 20 እሪያ ያለበት መንጋ 5ቱ ቢገደሉ 15 ይቀራሉ። ከ15ቱ 5ቱ ለመውለድ የደረሱ እንስቶች ቢሆኑና እያንዳንዳቸው 6 ቢወልዱ፣ 4 ወር ሳይሞላ 30 ይጨመራሉ። ከግልገሎቹ እኩሌታው እንኳ ቢሞት መንጋው ከቀድሞው ይበልጣል።

ስለ ወጥመዱ አሠራር

ስለዚህ ዋናው ምክር መንጋውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መያዝ ነው። ለዚህም ትንሹ የሣጥን ወጥመድ አይበቃም፤ ጥቂቶቹን ይዞ የቀሩትን ያስተምራልና። የሚሻለው እንደ በረት ሰፊ ሆኖ የሚሠራው ወጥመድ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ስፍራውን መምረጥ። ወጥመዱ የሚተከለው የእሪያው ዱካ፣ የቈፈረው መሬትና የተንከባለለበት ጭቃ በሚገኝበት፣ ከውሃና ከጥላ አጠገብ በሆነ ስፍራ ነው። በማሳው መካከል ከመትከል ይልቅ ከጫካ ወደ ማሳ በሚመላለስበት መንገድ ዳር መትከል ይሻላል።

2ኛ፤ አጥሩን መሥራት። አጥሩ 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ካለው ጠንካራ የብረት ፍርግርግ ይሠራል፤ የፍርግርጉም ቀዳዳ ግልገሉ እንዳያመልጥ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ቅርጹ ክብ መሆን አለበት፤ ማዕዘን ካለው እሪያዎቹ በማዕዘኑ ላይ ተከማችተው አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ እየወጣ ያመልጣል። የብረቱ ችካል በውጭ በኩል ይተከላል፤ ፍርግርጉ ግን በውስጥ በኩል ይታሰራል፤ ይህ የሆነበት ምክንያት መንጋው ሲገፋ ፍርግርጉ በችካሉ ላይ እንዲደገፍ ነው። አናቱ ክፍት ይሁን፤ አጋዘን ሳይታሰብ ቢገባ ዘሎ ይወጣልና።

3ኛ፤ ማለማመድ። በመጀመሪያ በሩ ታስሮ ክፍት እንደ ሆነ ይቀመጣል። በውሃ ተነክሮ የኮመጠጠ በቆሎ መጀመሪያ ከውጭ፣ ቀጥሎ በበሩ አጠገብ፣ በመጨረሻም ከበሩ ራቅ ብሎ በውስጥ በኩል ይደረጋል። መኮምጠጡ እሪያውን በሽታው ይስበዋል፤ ሌሎቹ እንስሳት ግን ያን ያህል አይወዱትም። ከብት ግን ወደ ስፍራው እንዳይቀርብ መከልከል ያሻል።

4ኛ፤ መቍጠር። የመንጋው ልክ ሳይታወቅ በሩን መዝጋት ትልቅ ስሕተት ነው። በአሜሪካ በሌሊት ራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ በዛፍ ላይ ይታሰራል፤ በዱካና በመበላቱም ልክ መገመት ይቻላል። ግልገሎቹ ሳይቀሩ ሁሉም በተከታታይ ሌሊቶች ገብተው ያለ ፍርሃት ሲበሉ ሳይታይ መቸኰል አይገባም። ይህም ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

5ኛ፤ መዝጋት። በቀድሞው አሠራር በምግቡ አጠገብ የተዘረጋ ሽቦ ሲነካ በሩ ይወድቅ ነበር፤ የመጀመሪያው ገቢ ከነካው ግን የቀሩት ውጭ ይቀራሉ። በአሁኑ ዘመን ግን ባለወጥመዱ በተንቀሳቃሽ ስልኩ መንጋውን ከሩቅ እያየ፣ የመጨረሻው ከገባ በኋላ በሩን በስልክ ይጥለዋል። ይህ መሣሪያ ለሌለው ሰው ሽቦውን ከበሩ እጅግ ርቆ በወዲያኛው ዳር መዘርጋት ይረዳዋል።

6ኛ፤ ማስወገድ። የተያዘው መንጋ ሳይውል ሳያድር፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በጥቂት ሰዎችና ያለ ውሻ ጩኸት፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው ሳይሰቃይ ይገደላል። በሕይወት ወደ ሌላ ስፍራ መጫን ጥፋቱን ለጎረቤት መላክ ነው፤ በብዙ ግዛቶችም ሕግ ይከለክለዋል። ሬሳውን የሚነካ ሰው ከበሽታ እንዲጠበቅ የእጅ ጓንት ያድርግ፤ ሬሳውም ከውሃ ርቆ በጥልቅ ይቀበር።

ስለ ባለመሬቶች መተባበር

መንጋ የመሬት ድንበር አያውቅም፤ ሌሊት በአንዱ ማሳ በልቶ ቀን በሌላው ጫካ ይተኛል። በቴክሳስ አንዳንዱ ባለመሬት ከአዳኞች ገንዘብ እየተቀበለ እሪያውን በመሬቱ ላይ ያኖራል፤ የጎረቤቱ እርሻ ግን ይጠፋል። ስለዚህ የአንዱ ወጥመድ የሚጠቅመው ጎረቤቶቹ ሁሉ በዚያው ጊዜ ከመተኰስና እህል ከመበተን ሲታገሡ ነው። ይህን ስምምነት ለማምጣት ከአንድ ባለመሬት ይልቅ የመንግሥት ሹም ይችላል። የአሜሪካም የእርሻ ሚኒስቴር በ2014 ለዚህ ሥራ ልዩ ክፍል አቋቁሞ ከየግዛቱ ጋር በኅብረት ይሠራል።

ይህ ነገር ለአገራችን ምን ይጠቅማል

በአገራችን በጅማ፣ በከፋና በሌሎችም ጫካ በሚያዋስናቸው አገሮች ያለ ገበሬ፣ በቆሎውና ሥራ ሥሩ በደረሰ ጊዜ ማማ ሠርቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ወንጭፍ ይዞ ሌሊቱን የሚያድረው በከርከሮና በጫካ አሳማ ምክንያት ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። የአሜሪካው እሪያ ከቤት ያመለጠ ባዕድ ሲሆን፣ ከርከሮና የጫካ አሳማ የአገራችን ተወላጆች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳት በሕግ የሚጠበቁ ስለ ሆኑ፣ ያለ ፈቃድ ማጥመድም ማደንም አይገባም። አሳባችንም ማጥፋት ሳይሆን ከማሳ ማራቅ ነው። ስለዚህ ወጥመዱን ሳይሆን ትምህርቱን እንውሰድ፤ ይኸውም ጥፋቱን በየቀበሌው መዝግቦ ማወቅ፣ ጥበቃውን ለአንድ ቤተ ሰብ ሳይተዉ በጎረቤት ማኅበር ተራ ማድረግ፣ በጫካው ዳርቻ ያሉትን ማሳዎች በአጥርና በቦይ በአንድነት መከለል፣ ጥፋቱም ከአቅም በላይ ሲሆን ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ክርስቲያኑም እስላሙም ሥጋውን ስለማይበሉት አሳማ በአገራችን ብዙ አይረባም፤ ነገር ግን በከተሞች አጠገብ ለገበያ የሚያረቡ ሰዎች አሉ። ሹማምንት እነዚህ ሰዎች እንስሶቻቸውን በጠንካራ በረት እንዲያኖሩ፣ በቈሻሻ መጣያና በወንዝ ዳር እንዳይለቁ መቆጣጠር ይገባቸዋል። በ1921 በኬንያ ምርምሩ የታተመው የአፍሪካ የእሪያ ወረርሽኝ የተባለው በሽታ በከርከሮ ላይ ሳያሳምመው ይኖራል፤ በመዥገር አማካይነት ወደ ቤት አሳማ ሲተላለፍ ግን መንጋውን ይፈጃል። ክትባቱም ገና እንደ ልብ የሚገኝ ስላልሆነ ከርከሮና የቤት አሳማ እንዳይገናኙ መለየት ዋና መድኃኒቱ ነው።

በአሜሪካ የዛሬው ጥፋት የጀመረው በአንድ ባልተዘጋ በረት ነበር። በጊዜው አጥር መሥራት የጥቂት ችካል ዋጋ ያወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ሚሊዮኖች ዶላር ፈስሶበት አልተፈጸመም። አስተዳዳሪ ሁሉ ይህን አስቦ፣ በግዛቱ ያለው ገበሬ ሌሊቱን በማማ ላይ ብቻውን እንዳይተው እናሳስባለን።