የአዳዳ ብስኩትና የማሽላ እንጀራ፦ የማሸጊያ ጽሑፍ እንዴት ይነበባል?

 

ባለፈው የሴሚስተር እረፍት አራት ሆነን ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ተጓዝን። ሦስቱ የበደሳ፣ አንዱ የጭሮ ልጆች ነን። በደሳ እንደገባን ሻንጣችንን እንኳ ሳናስቀምጥ አዳዳን ልንጠይቅ ሄድን። አዳዳ የአንዳችን የአባቱ እህት ናት፤ ግን የሰፈሩ ልጅ በሙሉ አዳዳ ብሎ ነው የሚጠራት። የስኳር ሕመም እንዳለባት ካወቀች ዓመት ሊሞላት ነው።

ማሽላ እንጀራ መብላት ትታለች። «ማሽላ ስኳር ነው ብለውኛል» አለችን። ታዲያ በምትኩ ምን ትበያለሽ ስንላት አንድ ካርቶን ብስኩት አወጣች። ማሸጊያው ላይ በዓረብኛ በትልቁ «ቢዱን ሱከር»፣ ከሥሩም በእንግሊዝኛ ያንኑ «ስኳር የሌለው» የሚል ተጽፏል። ዋጋው ከተራው ብስኩት እጥፍ ነው። በቀን አንድ እሽግ ትጨርሳለች። በመጨረሻው ቀጠሮዋ ግን ስኳሯ ጨምሮ ተገኘ። «ምን አጠፋሁ?» ነው የምትለው።

ማሸጊያውን ገልብጠን ከጀርባው ያለውን ሰንጠረዥ አነበብን። በ100 ግራም ውስጥ ፕሮቲን 8፣ ስብ 14፣ ካርቦሃይድሬት 66፣ ስኳር 0.5፣ አሰር ወይም ፋይበር የሚባለው 3 ግራም። እሽጉ ራሱ 100 ግራም ነው። እንግዲህ «ስኳር የሌለው» የተባለው እውነት ነው፤ ማንም አልዋሸም። ነገር ግን ብስኩቱ የተሠራው ከፉርኖ ዱቄት ነው። የፉርኖ ዱቄት አብዛኛው ስታርች ነው፣ ስታርች ደግሞ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። አንጀት ሲደርስ ሰንሰለቱ ተበጣጥሶ ያው ግሉኮስ ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 66 ግራም ካርቦሃይድሬት በክብደት ከ16 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። ይህን ስንነግራት አዳዳ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ለዚህ ነው በዚህ እትም ስለ ዱቄትና ስለ ማሸጊያ ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው። ብዙዎቻችን ቤት እንደ አዳዳ ያለ ሰው አለ። ቤተሰብ ደግሞ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ አንብቡልን» ይለናል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የድርሻው መጠን ነው። የአዳዳ እሽግ ፊት ለፊት «በአንድ ድርሻ 16 ግራም» ይላል። ድርሻ የተባለው ሦስት ብስኩት፣ 25 ግራም ብቻ ነው። ሦስት ብስኩት በልቶ የሚያቆም ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ሁለት ዕቃ ስናወዳድር ሁልጊዜ በ100 ግራም የተጻፈውን ዓምድ እንይ። ያ ከሌለ ድርሻውን ወደ 100 እናባዛው፤ ከሦስተኛ ክፍል ሒሳብ አይበልጥም።

ሁለተኛው ጣጣ አሰር ነው። አሰርም በኬሚስትሪ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ግን ሰውነታችን ወደ ግሉኮስ አይለውጠውም። በአሜሪካ ሥርዓት የተጻፈ ማሸጊያ «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» ሲል አሰሩንም ጨምሮ ነው፤ ደም ውስጥ የሚገባውን ለማወቅ አሰሩን እንቀንሳለን። በአውሮፓ ሥርዓት ግን አሰሩ አስቀድሞ ተቀንሶ ለብቻው ይጻፋል። እዚያ ላይ ደግመን ብንቀንስ ራሳችንን አታለልን። እንዴት እንለይ? በአሜሪካው ሰንጠረዥ አሰር ከካርቦሃይድሬት ሥር ገባ ብሎ ይጻፋል፣ የእሱ ክፍል ነውና። በአውሮፓው ራሱን የቻለ መስመር አለው።

ጭሮ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች፣ በየሱቁ ዓረብኛ የተጻፈበት ዕቃ ሞልቷል። መድረሳ የተማርን ሰዎች እዚህ ላይ ጥቅም ልናስገኝ ይገባ ነበር፤ ግን እውነቱን እንናገር፣ ነሕዉን እንጂ የብስኩት ካርቶኑን ማንም አላስቀራንም። ጥቂት ቃላት እነሆ፦ «ደቂቅ» ዱቄት ነው፣ «ነሻ» ስታርች፣ «አልያፍ» አሰር፣ «ዱሁን» ስብ፣ «ሱዕራት ሐራሪያ» ካሎሪ። «ቀምሕ» ስንዴ፣ «ሸዒር» ገብስ፣ «ሑሙስ» ሽምብራ። የኛው ማሽላ ደግሞ «ዙራ ረፊዓ» ይባላል። («ደቂቅ» ከአማርኛው «ደቂቅ» ጋር መመሳሰሉ አስቆናል፤ በሁለቱም ቋንቋ የደቀቀ ነገር ነው።) የይዘት ዝርዝሩ ላይ «ደቂቅ አል-ቀምሕ» መጀመሪያ ከተጻፈ፣ ከሁሉ በላይ በክብደት የበዛው እሱ ነው፤ ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙ ወደ ጥቂት ነውና።

ማሸጊያ የሌለውስ? በደሳ ላይ ዱቄት በወረቀት ተጠቅልሎ አይመጣም፤ እህሉ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ተፈጭቶ ይመለሳል። እዚህ ላይ የምህንድስና ተማሪ የሚወደው ነገር አለ። ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አይለካም፤ በቅነሳ ነው የሚገኘው። ከ100 ግራም ላይ ውሃውን፣ ፕሮቲኑን፣ ስቡንና አመዱን ስንቀንስ የቀረው ካርቦሃይድሬት ይባላል። በአንደኛ ዓመት የተማርነው የክብደት ሚዛን ማለት ነው። ለምሳሌ በሽምብራ ዱቄት ውስጥ ውሃ 10፣ ፕሮቲን 22፣ ስብ 7፣ አመድ 3 ያህል ነው፤ የሚቀረው 58። ከዚህ 11ዱ አሰር ስለሆነ ወደ ግሉኮስ የሚለወጠው 47 ገደማ ነው። ማሽላን በዚሁ ብናሰላ ጠቅላላው 77፣ አሰሩ 7፣ የሚቀረው 70። የአገራችንን እህሎች በዚህ መልክ የሚያሳይ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለው፤ እኛ የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ለሒሳብ እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው፣ እንደ ዝርያውና እንደ እርጥበቱ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

አሁን ዱቄቶቹን እንደርድራቸው። አሰሩ ከተቀነሰ በኋላ ፉርኖ 73፣ በቆሎ 70፣ ማሽላ 70፣ ጤፍ 65፣ ሙሉ ገብስ 64። የእህል ዘር በሙሉ ሰፈሩ አንድ ነው። «ማሽላ ስኳር ነው» ብሎ አዳዳን ያስፈራራት ሰው በዚያው አፉ ዳቦ ብዪ ቢላት፣ ከማሽላ ወደ ባሰው ልኳታል። ጤፍ በውጭ አገር ገበያ ስሙ የገነነው ግሉተን ስለሌለው ነው፤ ማሽላም የለውም። ግሉተን የስንዴና የገብስ ዓይነት እህል ፕሮቲን ነው፣ ከስኳር ጋር ጉዳይ የለውም። «ግሉተን የለውም» የሚል ዱቄት ለስኳር ሕመምተኛ በውድ የሚገዛ ቤተሰብ አይተናል፤ ሲነበብ የሩዝና የካሳቫ ስታርች ነበር።

በእርግጥ ዝቅ የሚሉት ሌላ ወገን ናቸው። ሽምብራ 47። ሙሉ አኩሪ አተር 22 ገደማ። ሰሊጥ 11፣ ለውዝ 8፣ ተልባ 2። ውጭ አገር በአልሞንድ ዱቄት የሚሠራውን እኛ በለውዝ ልንሠራው እንችላለን፤ የባቢሌ ለውዝ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ግን እዚህ ላይ ሌላ ሒሳብ ይመጣል፦ የለውዝ ግማሹ ስብ ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል፤ ስለዚህ 100 ግራም የማሽላ ዱቄት 350 ካሎሪ ገደማ ሲሆን ለውዙ ከ560 ይበልጣል። ስኳሩ ሲወርድ ክብደቱ ሊጨምር ይችላል። ደግሞም የሻገተ ወይም የተጨማደደ ለውዝ ተለቅሞ ይጣል፤ በሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በመቁላት አይጠፋም።

ስለ ወንፊትም አንድ ነገር እንበል። በሰሒሕ አል-ቡኻሪ የምግብ ምዕራፍ ሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ገብሱ ተፈጭቶ ገለባው በትንፋሽ ይበር ነበር እንጂ በወንፊት አይነፋም ነበር። ሐዲሱን የሥነ ምግብ ማስረጃ ልናደርገው አይደለም፤ የተነገረው ስለ ኑሯቸው ነው። ግን ቁጥሩን ስናይ፣ ሙሉ የስንዴ ዱቄት በ100 ግራም 11 ግራም ያህል አሰር ሲኖረው ፉርኖው የሚተርፈው 3 ብቻ ነው። ወንፊት ላይ ቀርቶ ለዶሮ የሚሰጠው ያ ልዩነት ነው።

ወደ አዳዳ እንመለስ። የአልሞንድ ዱቄት ግዢ ብንላት ትስቅብናለች፤ እቤቷ ያለው ማሽላ ነው። ስለዚህ ያለ ማሸጊያ የሚሠራ ዘዴ ፈለግን፣ አገኘንም። አንድ ኪሎ የማሽላ ዱቄት ውስጥ 700 ግራም ካርቦሃይድሬት አለ። «ከአንድ ኪሎ ስንት እንጀራ ይወጣልሻል?» አልናት። «ስምንት» አለች። 700 ለ8 ሲካፈል አንድ እንጀራ 88 ግራም ገደማ ነው። ሊጡ ቢቦካ፣ ውሃ ቢጨመርበት ይህ ቁጥር እምብዛም አይለወጥም፤ ውሃ ካርቦሃይድሬት የለውምና። (100 ግራም እንጀራን ከ100 ግራም ዱቄት ጋር ማወዳደር ስህተት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንጀራው ከግማሽ በላይ ውሃ ነው።)

ከዚያ ሩቡን በሽምብራ ዱቄት ተካን። ኪሎው ውስጥ 643 ቀረ፤ ለስምንት ሲካፈል 80። ያን ሁሉ ደክመን የቀነሰው 8 ግራም ብቻ ነው! እንጀራውም ዓይን አላወጣ አለ፣ ሲጠቀለል ይሰበራል። አዳዳ «ይሄ ለቂጣ ነው እንጂ ለእንጀራ አይሆንም» ብላ ፈረደች፤ ቂጣው ግን ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ሽምብራውን ትተን ማሽላውን ብቻ አሳስታ እንድትጋግር ጠየቅናት። ከኪሎ 12 ወጣ። 700 ለ12፣ 58 ግራም። ዱቄት ከመቀየር ይልቅ ማሳሳቱ አራት እጥፍ ያህል ሠራ፣ አንድ ብርም አላስወጣም። እኛ እንዲህ ይሆናል ብለን አልጠበቅንም ነበር፤ የጽሑፉን ርዕስ «ምርጥ አምስት ዱቄቶች» ልንለው አስበን ነበር።

እርግጥ ነው፣ ከአንዱ ሳሳ እንጀራ ላይ ሁለተኛ ከተደረበ ሒሳቡ ይፈርሳል። የሚሞላው ወጡ መሆን አለበት፤ ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ። ሽሮም ቢሆን ጓያ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ከገበያ ስንገዛ እንጠይቅ፤ ጓያ ለወራት አዘውትሮ በብዛት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል።

አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ አማና ይሆንብናል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው ምግቡን በድንገት ከቀነሰ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድና ራሱን ሊስት ይችላል። መድኃኒቱ የተመጠነው በቀድሞ አበላሉ ነው። መጀመሪያ ሐኪሙ ይወቅ፤ ረመዷን ሲቃረብማ ይበልጡን። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰውም ሽምብራና አኩሪ አተር ከማብዛቱ በፊት ይጠይቅ። አዳዳ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈንላት ለቀጠሮዋ ይዛ ሄዳለች።

የቀረው ከእናንተ ነው። ለዒድ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ፣ ስንት ለሆህ፣ ስንት ቂጣ እንደሚወጣ ጠይቃችሁ ከእህሉ ዓይነት ጋር ጽፋችሁ ስጡን። ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው እትም ከየአካባቢው የመጣውን አስልተን እናወጣዋለን።